ሁለት ወር ያለ ብስክሌት፦ የጎንደር ብስክሌተኞች ክረምቱን በምን ይሻገሩታል?

በኢንተርኔት የውይይት ገጽ ላይ ይህን ክር (አንድ ጥያቄና ተከትለውት የመጡ ምላሾችን) የከፈተው ሰው ማራኪ በሚባለው የጎንደር ሰፈር የሚኖር፣ በሳምንት አምስት ቀን ወደ አዘዞና ወደ ወለቃ በሚወስዱት መንገዶች የሚለማመድ ብስክሌተኛ ነው። በሐምሌ መጀመሪያ የኋላ ጎማው ፍሪዊል (ፔዳል ሲረገጥ ጎማውን የሚይዘው፣ ፔዳል ሲቆም ጎማው በነጻ እንዲዞር የሚለቀው ክፍል) ፔዳል ሲረገጥ መሳት ጀመረ። መለዋወጫው ከአዲስ አበባ እስኪመጣና ዝናቡ እስኪያባራ፣ እስከ መስከረም አጋማሽ ብስክሌት ላይ እንደማይወጣ ገምቶ፣ እነዚህን ሁለት ወራት አቅሙን በምን ማቆየት እንደሚችል ይጠይቃል። ከጥያቄው ጋር ግን የራሱን መልስ አያይዟል፦ በየቀኑ አንድ ሰዓት በዝግታ ከሮጠ ምንም እንደማይጎድልበት እርግጠኛ ነው። ከዚያ በኋላ ከመጡት 24 ምላሾች ብዙዎቹ የተጻፉት ይህን እርግጠኝነት ለማረም ነው።

1ኛው ምላሽ ሰላምታ አቅርቦ ግማሹን ይቀበለዋል። ሩጫ ልብንና ሳንባን ይጠብቃል፤ በዚህ ጸብ የለውም። የጭን ነገር ግን ሌላ ነው። ፔዳል የሚገፋው ጉልበት በደንብ ታጥፎ ሳለ ነው፤ በዝግታ ሩጫ ደግሞ ጉልበት ያን ያህል ሳይታጠፍ እግር መሬት ይነካል። ስለዚህ ክረምቱን በሩጫ ብቻ የጨረሰ ብስክሌተኛ በመስከረም ዳገት ላይ ትንፋሽ እያለው ጭኑ ቀድሞ ይከዳዋል ይላል።

2ኛው ቁጥር ይዞ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1984 የታተመ፣ በ7 የጽናት ስፖርተኞች ላይ የተደረገ ጥናት ጠቅሶ፣ ልምምድ ሙሉ በሙሉ ሲቆም ሰውነት ኦክስጅን የመጠቀም ከፍተኛ አቅሙ በ3 ሳምንት 7 በመቶ፣ በ8 ሳምንት 16 በመቶ እንደሚወርድ ያስረዳል። መጀመሪያ የሚቀንሰው የደም ፈሳሽ ክፍል ነው። ልብ በአንድ ምት የሚረጨው ደም ያንሳል፤ ያንኑ ዳገት ለመውጣትም ቶሎ ቶሎ መምታት ይኖርበታል። ጡንቻ ኦክስጅን የመጠቀም ችሎታው የሚዳከመው ከዚያ በኋላ ነው። ጸሐፊው ከዚህ አንድ ነገር ያወጣል፦ መለዋወጫው ዛሬ ይመጣል ነገ ይመጣል እያሉ ተቀምጠው የሚያልፉት የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብዙ ያስከፍላሉ።

3ኛውን የጻፉት ጡረታ የወጡ የስፖርት መምህር ናቸው። የክሩ ዋልታ የሆነው የእሳቸው ምላሽ ነው ብዬ አምናለሁ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሂክሰን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ሰዎችን ለ10 ሳምንት፣ በሳምንት 6 ቀን፣ በቀን 40 ደቂቃ አሠልጥነው፣ ከዚያ ለ15 ሳምንት አንዱን ነገር ብቻ እየቀነሱ ምን እንደሚሆን ተመልክተዋል። ቀኑ ከ6 ወደ 4 ወይም ወደ 2 ሲወርድ የኦክስጅን አቅሙ ባለበት ቆየ። ደቂቃው ከ40 ወደ 26 ወይም ወደ 13 ሲወርድም ቆየ። የልምምዱ ጥንካሬ በሲሶ ወይም በሁለት ሲሶ ሲላላ ግን አቅሙ ወረደ። መምህሩ ለጠያቂው በትሕትና ያስረዱታል፦ እሱ ያቀደው ቀኑንና ሰዓቱን ጠብቆ ጥንካሬውን መጣል ነው፤ የሚያዋጣው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ሰዓቱን ይቀንስ፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ ግን ትንፋሽ እስኪያጥረው ይሥራ።

4ኛው የጠያቂው ምላሽ ነው፤ ተቆጥቷል። ሯጮቻችን ዓለምን የረቱት በረጅም ሩጫ ሆኖ ሳለ ዝግታ ዋጋ የለውም መባሉ አልተዋጠለትም። 5ኛው ነገሩን አበረደው። መምህሩ የጠቀሱትን ጥናት ያውቀዋል፤ በቀን 13 ደቂቃ ብቻ የሠሩት ሰዎች የኦክስጅን አቅማቸውን ቢጠብቁም፣ ለረጅም ሰዓት የመጽናት ችሎታቸው ግን በ10 በመቶ ገደማ መውረዱን ያስታውሳል። ስለዚህ ሁለት ጠንካራ ቀን ከአንድ ረጅም ቀን ጋር ይሁን፤ ረጅሙ ደግሞ የግድ ሩጫ መሆን የለበትም። ወደ ወለቃ ደርሶ መልስ ፈጠን ብሎ መራመድ፣ ወይም ወደ ቁስቋም የሚወጡትን መንገዶች እየመረጡ ሁለት ሰዓት ተኩል መሄድ ይበቃል። መምህሩም በኋላ ገብተው እርማቱ ትክክል መሆኑን መስክረዋል።

6ኛው ጠንካራውን ቀን እንዴት መሥራት እንደሚቻል በዝርዝር ጻፈ። ቦታው ከደባርቅ መውጫ ወደ ጎሃ ኮረብታ የሚያወጣው መንገድ ነው። 15 ደቂቃ እርምጃና ሶምሶማ፣ ከዚያ 4 ደቂቃ ሽቅብ ሩጫ፣ 3 ደቂቃ ቁልቁል በእርምጃ፤ ይህ 4 ጊዜ ይደገማል። ልኩ ንግግር ነው፦ በሦስተኛው ደቂቃ ላይ ከሁለትና ከሦስት ቃል በላይ መናገር የሚችል ሰው ልምምዱ ላልቶበታል። ብዙ ሰው የሚስተው የመጀመሪያዋን ደቂቃ ነው። እንደ ውድድር ይነሳና በሦስተኛው ደቂቃ ይራመዳል፤ ያኔ ልብ ከፍ ባለ ምት የሚቆይበት ጊዜ ስለሚያጥር ልፋቱ ይባክናል። የመጀመሪያው ዙርና የአራተኛው ዙር ማብቂያ አንድ ቦታ ላይ መዋል አለበት፤ ድንጋይ አስቀምጦ ምልክት ማድረግ ይቻላል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች፣ ከቆላ ለመጣ ሰው የመጀመሪያው ሳምንት 3 ዙር ይበቃዋል።

7ኛው በቁጣ ቀጠለ። እንዲህ ያለ ምክር ብስክሌተኛን አልጋ ላይ ያስተኛል ይላል። ምክንያቱን ሲያብራራ ግን ቁጣው ፍሬ አለው። ፔዳል በሚመታበት ጊዜ ጡንቻ እያጠረ ብቻ ነው የሚሠራው። በሩጫ፣ በተለይ ቁልቁል ሲወረድ፣ ጡንቻ እየተለጠጠ ክብደት ይቀበላል፤ ብስክሌተኛ ደግሞ ይህን አልለመደም። ልቡና ሳንባው ጠንካራ ስለሆኑ ግን እግሩ ከሚችለው በላይ ያስሮጡታል። በማግስቱና በሦስተኛው ቀን ደረጃ መውረድ ያቅተዋል፤ ካላቆመ የተረከዝ ጅማቱና ቅልጥሙ ይታመማሉ። መፍትሔው በመጀመሪያው ሳምንት 3 ቀን ብቻ፣ 2 ደቂቃ ሶምሶማ በ2 ደቂቃ እርምጃ እያፈራረቁ 20 ደቂቃ መሥራት፣ ሽቅቡን ሩጫ በሁለተኛው ሳምንት መጀመር፣ ቁልቁለቱን ምንጊዜም በእርምጃ መውረድ ነው። 6ኛው ጸሐፊ ተመልሶ፣ እሱም ቁልቁሉን በእርምጃ ብሎ እንደጻፈ፣ ተቺው አንብቦ ቢጽፍ መልካም እንደነበረ አሳሰበ። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የጎደለው የመጀመሪያው ሳምንት ነበር።

8ኛው አጭርና ጠቃሚ እርማት ነው፦ በሩጫ ላይ ከፍተኛው የልብ ምት ከብስክሌቱ በ5 እስከ 10 ምት ከፍ ስለሚል፣ በብስክሌት የተለካውን የልብ ምት ክልል ወደ ሩጫ ቀጥታ ማዛወር ልምምዱን ያላላዋል። 9ኛውና 10ኛው ስለ ዝናብ ናቸው። የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚወርድ ገላጣ ኮረብታ ላይ ጠዋት ይወጣ ይላሉ። መብረቁ በታየና ነጎድጓዱ በተሰማ መካከል ከ30 ሰከንድ በታች ከሆነ ወደ ቤት መግባት፣ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላም 30 ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ 11ኛው ክሩን ወደ ፍልሰታ ወሰደው። ከነሐሴ 1 እስከ 15 የሚጾም ሰው እስከ 9 ሰዓት ምንም አይቀምስም፤ ጠዋት ዝናብ የለም ብሎ ጎሃ ላይ 4 በ4 መሥራት ማለት ባዶ ሆድ፣ ውኃም ሳይጠጡ፣ ከዚያም ሰባትና ስምንት ሰዓት ሳይበሉ መዋል ማለት ነው። ከ9 ሰዓት በኋላ ደግሞ ዝናቡ አለ። ታዲያ መቼ ይሠራ? ይህ ጥያቄ ለጎንደር ብስክሌተኛ ከሁሉም የከበደ ነው። 12ኛው መልስ ሳይሰጥ ጾምን እንደ እንቅፋት መቁጠር አይገባም ብሎ ገሠጸ፤ 13ኛው ማንም እንደ እንቅፋት እንዳልቆጠረው፣ 11ኛው ጸሐፊ ሰዓት ብቻ እንደጠየቀ መልሶ ገሠጸው። ሁለት ሦስት ሰው በዚሁ ከመጨቃጨቁ በፊት መምህሩ በ14ኛው ገቡ።

የእሳቸው አሠራር ይህ ነው። በጾሙ 15 ቀናት ጠዋት ቀላል እርምጃ ብቻ፣ ከ40 ደቂቃ ሳይበልጥ። ከ9 ሰዓት በኋላ መጀመሪያ ውኃና በሶ፣ ከዚያ መጠነኛ ምግብ። ጠንካራው ልምምድ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ቤት ውስጥ፣ ዝናብ ቢዘንብም ባይዘንብም። ዕቃው ጠንካራ የእንጨት ሳጥን ወይም የማይነቃነቅ አግዳሚ ነው፤ ከፍታው ከ35 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር፣ እግር ሲቀመጥበት ጉልበት ከ90 ዲግሪ በላይ የማይታጠፍ። በደቂቃ 25 እስከ 30 ጊዜ መውጣትና መውረድ፣ በየደቂቃው መሪውን እግር መለወጥ፤ 4 ደቂቃ ሥራ 3 ደቂቃ ዕረፍት፣ 4 ጊዜ። ትንፋሽ ካልጠበበ ጀርባ ላይ 5 ኪሎ በቦርሳ ይጨመራል። ልምምዱን የሚያበላሸው የታችኛው እግር ከመሬት ተስፈንጥሮ መነሳቱ ነው፤ ያኔ ባት ይሠራል፣ ጭን ያርፋል። ላይኛው እግር ሙሉ መዳፉን አሳርፎ በተረከዙ መግፋት አለበት። ከልምምዱ በኋላ እራት፤ በሌሊት ከመተኛት በፊትም ውኃ።

ስለ ምግቡም እሳቸው በቁጥር ጻፉ፤ ከሌላው ሁሉ ይበልጥ ብዙ ሰው ያመሰገነው ይህን ነው። ጡንቻውን ለመጠበቅ 60 ኪሎ የሚመዝን ስፖርተኛ በቀን 90 ግራም ገደማ ፕሮቲን ይፈልጋል። 100 ግራም ደረቅ ምስር 24 ግራም ያህል፣ 100 ግራም የጤፍ ዱቄት 13 ግራም ያህል አለው። 200 ግራም ደረቅ ምስርና ሽሮ ከ300 ግራም የጤፍ ዱቄት ከተጋገረ እንጀራ ጋር ወደ 85 ግራም ያደርሳል፤ አንድ እፍኝ የተቆላ ሽምብራ ወይም ለውዝ ቀሪውን ይሞላል። ችግሩ የምግቡ ዓይነት አይደለም፤ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይህን ያህል በልቶ መጨረስ ነው። ስለዚህ በ9 ሰዓት፣ ከልምምድ በኋላና ከመኝታ በፊት ተብሎ ለሦስት ይከፈል።

15ኛው ወደ ጉልበት ሥራ ዞረ። ክብደት የሌለው ሰው ጀሪካን አለው፤ አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ነው። የኋላ እግር ወንበር ላይ ተሰቅሎ በአንድ እግር ስኳት (ጉልበትን አጥፎ ዝቅ ብሎ መነሳት)፣ በእያንዳንዱ እጅ 5 ሊትር ተይዞ፣ በእያንዳንዱ እግር 8 ጊዜ፣ 3 ዙር፣ በዙር መካከል 2 ደቂቃ ዕረፍት። ጀሪካኑ እስከ አፉ ይሞላ፤ ግማሽ ከሆነ ውኃው እየተናጠ ሚዛን ያስታል፣ ወገብንም ያጣምማል። ከዚያ በጀርባ ተኝቶ በአንድ እግር ዳሌን ማንሳት 10 ጊዜ፣ ፕላንክ (በክንድና በእግር ጣት ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መቆየት) 40 ሰከንድ 3 ጊዜ። ብስክሌት ላይ ለሰዓታት አጎንብሶ የሚቆየው ወገብ በሁለት ወር ውስጥ ስለሚላላ፣ ፕላንኩ የማይዘለል ነው። በሳምንት ሁለት ቀን በቂ ነው።

16ኛው 20 ሊትር ጀሪካን በአንድ ትከሻ ተሸክሞ ስኳት መሥራትን መከረ፤ 17ኛው ሳይለሳለስ አስቆመው። ክብደቱ በአንድ ወገን ሲሆን አከርካሪ ወደ ጎን ይጎብጣል፣ ሲደክም ደግሞ ጉልበት ወደ ውስጥ ይገባል። ጉልበት ከሁለተኛው የእግር ጣት መስመር መውጣት የለበትም፤ በመስታወት ፊት መሥራት፣ መስመሩን መጠበቅ ካቃተም ክብደቱን መቀነስ ይገባል። 16ኛው ጸሐፊ ምላሽ አልሰጠም።

18ኛው ጂም አለ ብሎ ስፒኒንግን (ቤት ውስጥ ባለበት ቆሞ የሚነዳ ብስክሌትን) አነሳ፤ በእኔ አስተያየት ክፍያውን ለሚችል ሰው ከሩጫው ሁሉ የሚቀድም ነው፤ ክሩ ግን ቶሎ አለፈው። ልብ ሊባሉ የሚገባቸውን ሦስት ነገሮች ዘርዝሯል። አንደኛ፣ የኮርቻው ከፍታ ተረከዝ ታችኛው ፔዳል ላይ ሲያርፍ እግር ቀጥ እንዲል ተደርጎ ይስተካከል። ሁለተኛ፣ የስፒኒንግ ከባዱ ጎማ እንደ መንገድ ብስክሌት ነጻ አይሽከረከርም፤ በፍጥነት እየዞረ እግርን በድንገት ማቆም ጉልበትን ይጎትታል፣ ስለዚህ ሁልጊዜ በፍሬኑ ነው የሚቆመው። ሦስተኛ፣ መሣሪያው የሚያሳየውን ካሎሪና ኃይል ከሌላ መሣሪያ ጋር ማወዳደር ትርጉም የለውም፤ ያንኑ መሣሪያ ከባለፈው ሳምንት ጋር ማወዳደር ግን ይጠቅማል። መብራት ሲጠፋ የመሮጫው ማሽን ይቆማል፣ ስፒኒንጉ ይሠራል የሚል ማስታወሻም ጨመረ።

ከዚህ በኋላ ክሩ መንገድ ሳተ። 19ኛው ሀገራችን እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትገባ እነ ገረመው ደንቦባን የመሰሉ ብስክሌተኞች እንደነበሯት አስታወሰና ፅጋቡ ግርማይ በ2016 ዓ.ም. በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ ብሎ ጻፈ። 20ኛው የዘመን አቆጣጠሩን አስተካከለ፦ 2016 የፈረንጆቹ ነው፣ በእኛ ሐምሌ 2008 ዓ.ም.። ልዩነቱ ስምንት ዓመት ስለሆነ ወጣቶችን ያሳስታል፤ እርማቱ ተገቢ ነበር።

21ኛው ሁሉም የዘነጋውን ጠየቀ፦ ፍሪዊሉ በእርግጥ ተበላሽቷል? ፔዳል ሲረገጥ የሚስተው ብዙ ጊዜ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ምላሶች በቆሸሸ ወፍራም ግሪስ ተይዘው ጥርሱን መንከስ ሲያቅታቸው ነው። ተፈትቶ በነጭ ጋዝ ይታጠብ፣ ይድረቅ፣ ምላሶቹ በጣት ሲጫኑ ወዲያው ተመልሰው መነሳታቸው ይታይ፣ ከዚያ በቀጭን ዘይት ጠብታ ብቻ ይቀባ። ግሪስ መሙላት ችግሩን ይመልሰዋል። ምላሱ ጠርዙ ከተሸረፈ ወይም ሞላው ከተሰበረ ግን መንዳት አይገባም፤ ዳገት ላይ ቆመው ሲረግጡ ከሳተ ደረትን ከመሪው ጋር ያጋጫል። ጠያቂው በ22ኛው ተመለሰ፤ አስፈትቶ አይቶታል፣ ከሦስቱ ምላሶች አንዱ ተሸርፏል፣ ስለዚህ መለዋወጫውን ይጠብቃል። በዚሁ ምላሽ የመምህሩን ዕቅድ እንደሚከተል ጽፏል፤ በ4ኛው ላይ ከነበረው ቁጣ ምንም አልቀረም።

23ኛው አዲስ ሰው ነው፦ የትከሻ አጥንቱ፣ አንገት ሥር ያለው፣ ተሰብሯል፤ ይኸው ዕቅድ ለእሱም ይሆን እንደሆነ ጠየቀ። በ24ኛው መምህሩ አይሆንም አሉት። ይህ አጥንት በአዋቂ ሰው ለመጠገን ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይፈልጋል፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሩጫ በእያንዳንዱ እርምጃ ስብራቱን ያንቀሳቅሰዋል፣ ሳጥን ላይ መውጣትም በአንድ እጅ ሚዛን መጠበቅ ስለሚያስቸግር መውደቅን ያመጣል። ሐኪሙ ሲፈቅድ በደረቅ መንገድ መራመድ፣ ከዚያ ቀጥ ብሎ የሚቀመጡበት የቆመ ብስክሌት፣ ክንዱ በማሰሪያው እንዳለ። ፕላንክና ጀሪካን ሐኪሙ አጥንቱ መያዙን በራጅ እስኪያይ የሉም። በዚያው ምላሽ ወደ ጠያቂው ዞረው የመመለሻውን ሁለት ሳምንት ሠሩለት። የመጀመሪያው ሳምንት ከቀድሞው ሰዓት 60 በመቶ፣ በቀላል ማርሽ፣ በደቂቃ ከ85 እስከ 95 የፔዳል ዙር፤ ልብ ዝግጁ ቢሆንም የጉልበት ጅማትና የመቀመጫ ቆዳ ዝግጁ አይደሉም። ወደ አዘዞ መሄዱ ቁልቁል ስለሆነ የሚከብደው መመለሻው ነው፤ አጭር ርቀት ሄዶ መመለስ ይጀምር። በሁለተኛው ሳምንት 80 በመቶ፣ አንድ ቀን ብቻ 3 ጊዜ 5 ደቂቃ ዳገት ተቀምጦ። ቆሞ መርገጥ በሦስተኛው ሳምንት። ከመውጣቱ በፊትም የፍሬኑን ጎማ ይፈትሽ፤ የክረምት ጭቃ አሸዋ ያስገባበታል፣ ያ አሸዋ ደግሞ ቸርኬውን ይፍቃል። በመርፌ ጫፍ ተለቅሞ ይውጣ፣ መስመሮቹ ከጠፉ ይቀየር።